«ደስ ይበላችሁ» ሲባል እንባዬ ይቀድማል፤ እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?

የሌሊት ጠባቂ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወገኖቼ። እስከ ዛሬ የሌላውን እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ልቤ ሞልቷል፤ ልጻፈው።

ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው 14 ወር ሆነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙለትም። ንግግሩም አልተመለሰም። የምንለውን ይሰማል፣ ይገባዋልም። ቃሉ ግን አፉ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። ያኔ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እኔ ሥራዬን ትቼ እሱን አስታምማለሁ። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም።

እግዚአብሔርን አልተውኩም። ይህን እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። እጸልያለሁ፣ ቃሉንም እከፍታለሁ። ደስታ የሚባለው ነገር ግን ከውስጤ ወጥቶ ሄዷል። ድሮ መዝሙር ስሰማ ውስጤን የሚያሞቀኝ ነገር ነበር። አሁን ከግድግዳ ማዶ እንደሚመጣ ድምፅ ነው የሚሆንብኝ።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ አንዲት እህት እጄን ያዘችና «ደስታሽን ለጠላት አሳልፈሽ አትስጪ፤ ፊትሽ ላይ እምነት አይነበብም» አለችኝ። ለክፋት አይደለም፣ ትወደኛለች። እኔ ግን ቤት ገብቼ መታጠቢያ ክፍሉን ዘግቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ እንዳይሰማ ውኃውን ከፍቼ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ጳውሎስ «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ፤ ደግሜ እላለሁ፥ ደስ ይበላችሁ» ይላል። ትእዛዝ ነው። እኔ ደግሞ አቃተኝ። ታዲያ እምነቴ ሞቷል ማለት ነው? በመከራ ውስጥ ያለ ደስታ እናንተ ዘንድ ምን ይመስላል? የሰማችሁትን ሳይሆን የኖራችሁትን ንገሩኝ።

ብርሃን ፈላጊ

እህቴ፣ ሳነበው ሆዴ ተላወሰ። የምመልስልሽ ነገር የለኝም። ስምሽን ባላውቅም ዛሬ ማታ በጸሎቴ አስብሻለሁ።

ጽኑ ዓለት

ጌታ ባለቤትሽን ይፈውስልሽ። ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። ያዕቆብ «ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባችሁ እንደ ሙሉ ደስታ ቍጠሩት» ነው ያለው። ሲመቻችሁ አላለም። ስሜታችንን ተከትለን ከሄድን መጨረሻችን ማጉረምረም ነው። እስራኤል በምድረ በዳ የወደቁትም በዚሁ ነው። ጠዋት ተነሽና አመስግኚ። ስሜቱ ኋላ ይከተላል። ደስታ ውሳኔ ነው።

መንገደኛው

ጽኑ ዓለት፣ ወንድሜ፣ የጠቀስከው ቃል እውነት ነው። ግን «ቍጠሩት» ነው የሚለው። መቁጠር ማስላት ነው። ያዕቆብ ምክንያቱንም እዚያው አስቀምጦታል፤ የእምነት መፈተን ትዕግሥትን ስለሚያፈራ ነው። መከራው ራሱ ይጣፍጣል አላለም። ሰው ሒሳቡን በትክክል እየሠራ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ማጉረምረምንና ማልቀስንም አንቀላቅል። በምድረ በዳ ሕዝቡ ያጉረመረመው በሙሴና በአሮን ላይ ነው፤ እርስ በርሱም «ወደ ግብፅ እንመለስ» ተባባለ። ለእግዚአብሔር ጀርባውን ሰጥቶ ነው የተናገረው። መዝሙረኛው ግን «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ሲል ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ነው። ቃሉ ከማጉረምረምም ሊከብድ ይችላል። ነገር ግን ጸሎት ነው። ከመዝሙረ ዳዊት ሲሶ ያህሉ እንዲህ ያለ የልቅሶ ጸሎት ነው። እግዚአብሔር ይህን ጩኸት ባይፈልገው ኖሮ በጸሎት መጽሐፋችን ውስጥ አያኖርልንም ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ የሌሊት ጠባቂ። ያስጨነቀሽን መልእክት ራሱን እንክፈተው። ፊልጵስዩስ አጭር ናት፤ 4 ምዕራፍ፣ 104 ቁጥር። ደስታና ደስ መሰኘት ግን ከ10 ጊዜ በላይ ይነሣባታል። ጳውሎስ የጻፋት ደግሞ ታስሮ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲሰበክም ኖሯል። ብዙ ጊዜ የማይሰበከው ምዕራፍ 2 ቁጥር 27 ነው። አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ጳውሎስ ሲተርክ፣ እግዚአብሔር የማረው ለእኔም ብሎ ነው፣ «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ» ይላል። አየሽ? ወዳጁ ሞቶ ቢሆን ኖሮ «ደስ ብሎኛል» ብሎ ሊጽፍ አላሰበም። በነበረው ኀዘን ላይ ሌላ ኀዘን ይሆንበት ነበር። ኀዘን እንደነበረበትም አልደበቀም።

ምዕራፍ 3 ቁጥር 18ን ደግሞ ተመልከቺ። «አሁንም እንኳ እያለቀስሁ እላለሁ» ይላል። ከዚህ ቁጥር ወደ ምዕራፍ 4 ቁጥር 4 ስትሄጂ በመካከሉ ያለው 6 ቁጥር ብቻ ነው። «ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ» የሚለውን ቃል የተናገረው ሰው ጉንጩ ገና አልደረቀም ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ካየሁት በኋላ ያንን ትእዛዝ መፍራት ተውኩ።

የኖራችሁትን ንገሩኝ ስላልሽ እሱንም ልንገርሽ። ሴት ልጄን ከቀበርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። 9 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት በራሴ ቃል መጸለይ አልቻልኩም። አፌን ስከፍት የሚወጣው ስሟ ብቻ ነበር። ሰዎች «በገነት ናት፣ ደስ ይበልህ» ይሉኝ ነበር። በገነት እንዳለች አምናለሁ። ግን ጫማዋ በር ላይ ነበር።

አንድ ቀን የአልዓዛር ታሪክ ሲነበብ ሰማሁ። «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» የሚለው ላይ ሲደረስ ጆሮዬ ቆመ። ጌታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አልዓዛርን እንደሚጠራው ያውቃል። ቀድሞ ለደቀ መዛሙርቱም ነግሯቸዋል። እያወቀ አለቀሰ። ትንሣኤን በእጁ የያዘው ካለቀሰ፣ ትንሣኤን በተስፋ የምጠብቅ እኔ ባለቅስ የትኛውን እምነት ነው የካድኩት? የዚያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ ጫማዋን አነሣሁና አቀፍኩት። እያለቀስኩ «አመሰግንሃለሁ፣ 9 ዓመት ሰጥተኸኛል» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት አመስግን ሲሉኝ ምላሴ አይታዘዝልኝም ነበር።

ያ ደስታ ከሆነ፣ እንዲህ ነው የመጣብኝ። በእንባ ውስጥ።

አያት ነኝ

ልጄ፣ የሌሊት ጠባቂ። እኔ ይህን የምጽፈው የልጅ ልጄ ስልኩን አስተምሮኝ ነው፤ ፊደል ብስት ይቅር በዪኝ።

እናቴን 5 ዓመት አስታምሜያለሁ። የመርሳት በሽታ ነበረባት። መጨረሻ ላይ እኔንም አታውቀኝም ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ጥሪልኝ» ትለኛለች። ልጇ እኔው ነኝ። እንግዲህ ይህን ስትሰሚ ውለሽ ማታ ምን ብለሽ ትዘምሪያለሽ?

ያኔ አንድ መዝሙር ብቻ ነበር የሚሆነኝ። 88ኛው ነው። በአንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥሩ 87 ነው። ከሌሎቹ መዝሙራት ይለያል። ሌላው እያለቀሰ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ተስፋ ያወጣል። ይህ ግን እስከ መጨረሻው አይነጋለትም። ወዳጄንና ባልንጀራዬን አራቅህብኝ ብሎ ያበቃል። በቃ። ተስፋው ያለችው የመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ናት፤ «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ ይጠራዋል። ከዚያ ወዲያ ጩኸት ብቻ ነው። እኔም ማታ ማታ እሱን እያልኩ እተኛ ነበር። አንዳንድ ቀን ከመጀመሪያዋ መስመር አላልፍም። እሷን ብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል። ለእኔ እምነት ማለት ያን ጊዜ እሷ መስመር ነበረች። ሌላ አልነበረኝም፤ ከእኔ ግን አልተወሰደችም።

ደስታስ አልሽኝ። ነበረኝ። ግን እኔ በጠራሁት ሰዓት አይመጣም። አንድ ቀን እናቴን ሳጥባት ውኃው ፊቷ ላይ ተረጨና እንደ ሕፃን ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሁለታችንም እስክንደክም ሳቅን። ማን እንደሆንኩ አታውቅም፤ አብራኝ ግን ትስቃለች። ከዚያ ቀን በኋላ እንዲህ ያለች ነገር ስትመጣ እንዳታልፈኝ መጠበቅ ጀመርኩ። ስትመጣ «ተመስገን» እላለሁ። ባልመጣችበት ቀን ደግሞ መዝሙሬን እላለሁ።

ያቺ እህት የነገረችሽን አትያዢባት። እኔም ልጅ ሳለሁ እንደሷ ነበርኩ።

የሆስፒታል ሌሊት

ነርስ ነኝ። ከእምነቱም ከሙያዬም ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ኤልያስን አስቡት። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያስወረደ ነቢይ ነው። ሁለት ምዕራፍ ሳይሞላው ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» አለ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። እምነትህ የት ሄደ አላለውም። አስተኛው። መልአክ ልኮ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ እንደገና ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰውና አሁንም አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብሎ። ንግግሩ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ በኮሬብ ነው። እግዚአብሔር የደከመውን ነቢይ መጀመሪያ በእንቅልፍና በምግብ ነው የረዳው።

እህቴ፣ አንቺ ለ14 ወር በሁለት ሰዓት የተቆራረጠ እንቅልፍ ነው የምትተኚው። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደስታን የሚቀበልበት አቅሙ ይደክማል። ይህ ኃጢአት አይደለም፣ ሥጋ ነው። ስለዚህ ከባድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ቀኑን ሙሉ የሚጫንሽ ሐዘን ወይም ድሮ የምትወጂው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ቆይቶብሻል? የምግብ ፍላጎትሽስ? ሐሳብ መሰብሰብስ ይከብድሻል? ባልኖርኩ የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል? እነዚህ ካሉ የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የመጨረሻው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ለሚቀርብሽ ሰው ንገሪና አብራችሁ ሂዱ። መታከም እምነት ማነስ አይደለም። ባለቤትሽን ሐኪም ቤት ስትወስጂው እምነት አጣሽ ያለሽ የለም አይደል?

ከቻልሽ በሳምንት አንድ ሌሊት እንኳ ሌላ ሰው ይተካሽ። እንዴት እንደሚያገላብጠው አሳዪው። ሌሊቱን ሁሉ ብቻሽን የመያዝ ግዴታ የለብሽም። ጌታም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሎ ቀጥሎ ያለው «በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» ነው። እሱ ሰው ከፈለገ አንቺ ብትፈልጊ አያሳፍርም።

ሁለተኛው ስለ ባለቤትሽ ነው። ቀኝ ጎኑ ከደከመ ጉዳቱ ያለው በአንጎሉ ግራ ክፍል ነው። በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚመራውም ያው ግራ ክፍል ነው። ግን የሚገርም ነገር አለ። ቃል መናገር አቅቷቸው የሚያውቁትን መዝሙር በዜማ የሚሉ ሕሙማን አሉ። ልጅ ሳሉ በቃላቸው ያጠኑት ጸሎት፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ የቀናት ስም፤ እነዚህም ከሌላው ንግግር ቀድመው የሚወጡላቸው አሉ። ሁሉም ላይ አይሠራም፤ ቃል መግባት አልችልም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ካገኛችሁ ጠይቁ። እስከዚያው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን መዝሙር ወይም ጸሎት ቀስ ብለሽ አብረሽው ጀምሪ። ካልመጣለት አታስጨንቂው።

ሥራ ፈላጊ

ክሩ የእህታችን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልቤ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ስለነካችሁት ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ጾሜአለሁ፣ ጸልያለሁ። አብረውኝ የጸለዩት ሁሉ ሥራ አግኝተው መስክረዋል። እኔ እያጨበጨብኩ እቀራለሁ። ደስ ይለኛል ለእነሱ፣ እውነቴን ነው። ግን ወደ ቤት ስሄድ፣ እኔን የማይሰማኝ ለምንድን ነው እላለሁ። ከእህታችን ችግር ጋር ሲነጻጸር ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ።

መንገደኛው

ወንድሜ፣ አታነጻጽረው። የአንተም ሸክም ሸክም ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን አንብበው። ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው፤ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የተሰጠው። ቀጥሎ ጴጥሮስን አሰረ፤ መልአክ መጥቶ ሰንሰለቱ ወደቀ። አንድ ምዕራፍ፣ ሁለት ሐዋርያት። አንዱን ለምን አዳነው፣ ሌላውን ለምን ተወው? መጽሐፉ አይመልስም። ያዕቆብ እምነት ስላነሰው ነው የሚል ቃል ግን እዚያ የለም። እኔ ልጄን ያጣሁ ሰሞን ይህ ዝምታ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ጠብቆኛል እላለሁ። ምክንያት ቢጻፍ ኖሮ ሰዎች ያንን ምክንያት ይዘው መጥተው እኔ ላይ ይለጥፉት ነበር።

ሦስቱ ወጣቶችም ለናቡከደነፆር «አምላካችን ሊያድነን ይችላል» አሉ፤ ቀጥለውም «ባያድነንም» ለጣዖትህ አንሰግድም አሉት። ሁለቱም ዓረፍተ ነገር የተነገረው እሳቱ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ነው። አንተ አሁን ያለኸው እዚያ ላይ ይመስለኛል። በሁለቱ መካከል።

የድሮ መጻሕፍት ወዳጅ

አንድ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ላክል፤ ለዚህ ጉዳይ ከእሱ የሚቀርብ አላውቅምና።

ዮሐንስ አፈወርቅ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ404 ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደደ። የተጋዘው ኩኩሶስ ወደምትባል ቀዝቃዛና ተራራማ ስፍራ ነው። እዚያ ሆኖ ለወዳጁ ለዲያቆናዊቷ ኦሎምፒያስ ይጽፍላት ነበር። 17 ደብዳቤዎቹ እስከ ዛሬ ደርሰውናል። እሷም በእሱ መሰደድ ምክንያት በከባድ ሐዘን ተውጣ ነበር። ደብዳቤዎቹን ሳነብ የነካኝ ነገር፣ ሐዘኗን አለማቃለሉ ነው። የነፍስ ሐዘን ከሥቃይ ሁሉ የከፋ ሥቃይ እንደሆነ ይነግራታል። የራሱንም አይደብቅም። ክረምቱ እንዴት እንዳሠቃየው፣ ራስ ምታቱን፣ ትውከቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን ሁሉ ይጽፍላታል። ከዚያም በትዕግሥትና በሐሳብ እየደጋገመ ያበረታታታል። አንድ ጊዜ ተናግሮ «በቃ ተጽናኚ» አላላትም። ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፈላት።

በ407 ከዚያም ወደ ራቀ ስፍራ በእግር ሲነዱት መንገድ ላይ ዐረፈ። የመጨረሻ ቃሉ «ስለ ሁሉም ነገር ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን» የሚል እንደነበር ሕይወቱን የጻፈለት ወዳጁ ተርኮታል። ይህን ቃል ብዙዎች ይጠቅሱታል። እኔ ግን ከደብዳቤዎቹ ነጥዬ ልጠቅሰው አልወድም። ያ ምስጋና የወጣው ስለ ትውከቱና ስለ ብርዱ በግልጽ ከጻፈ እጅ ነውና።

ጽኑ ዓለት

ትናንት የጻፍኩትን ደጋግሜ አነበብኩት። እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለጥያቄሽ ሳይሆን ለፍርሃቴ ነው የመለስኩት።

እናቴ ካንሰር አለባት። የታወቀው ከሁለት ወር በፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ጮክ ብዬ አመሰግናለሁ። ካቆምኩ የምፈርስ ይመስለኛል። ማልቀስ ከጀመርኩ የማላቆም ይመስለኛል። መንገደኛው የጻፍከውን ሳነብ ግን፣ የጫማው ጋ ስደርስ አለቀስኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም። ከዚያ ቆመ። አልፈረስኩም። ማታ እናቴ ጋ ደውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ «እማዬ፣ ፈርቻለሁ» አልኳት። እሷም «እኔም» አለችኝ። አብረን ጸለይን። እስከ አሁን የምንጸልየው ለየብቻ ነበር፣ ተደባብቀን።

ደስታ ውሳኔ ነው ያልኩትን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ማመስገኑንም እቀጥላለሁ። ግን በሌላ ሰው ላይ የምጭነው ውሳኔ አይደለም።

ብርሃን ፈላጊ

መጀመሪያ ላይ መልስ የለኝም ብዬ ነበር፤ አሁንም የለኝም። ግን እኛ ከዳር ያለነው ምን እናድርግ የሚለው እያሳሰበኝ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ደህና ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ያለው እነሱን ነው፤ ሲጮኽ፣ ሲሟገት የነበረውን ኢዮብን አይደለም።

ኑኃሚንም ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ «ማራ በሉኝ» አለች፤ መራራ ማለት ነው። ሩት አላረመቻትም። «እንዲህ አትበዪ፣ ደስ ይበልሽ» አላለቻትም። አብራት ሄደች፣ አብራት አደረች፣ ሲነጋ ወጥታ ቃርሚያ ለቀመችላት። «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» የሚለውን ቃል ከዚህ በላይ የፈጸመ ሰው አላውቅም። እኔም በአጠገቤ ልጇን የምታስታምም አንዲት እናት አለች። ሳያት «አይዞሽ» ብዬ አልፋት ነበር። ነገ ሄጄ ሁለት ሰዓት ልተካትና ትተኛ ብዬ ወስኛለሁ።

የሌሊት ጠባቂ

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አነበብኳችሁ። አንዳንዱን ለባለቤቴም አነበብኩለት። የአያታችንን ሳነብለት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እርስዎ ከሌሊቱ መሃል ቁጭ ብለው ያንን ሁሉ ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መዝሙሩን ከፈትኩት። የመጀመሪያዋን መስመር ያዝኩ።

ጽኑ ዓለት፣ ወንድሜ፣ ምንም የምይዝብህ የለም። የእናትህን ነገር ሰምቻለሁ። እኔ ሌሊት የምነቃባቸው ሰዓቶች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ለእሷ ይሁን።

የነርሷን ጥያቄዎች በሐቀኝነት መለስኳቸው። የመጨረሻው የለብኝም፣ ሌሎቹ ግን አሉ። ቀጠሮ ይዣለሁ። ለመናገር ያፈርኩት ይህን ነበር።

የሌሊት ጠባቂ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ወደዚህ ክር መመለስ ፈልጌ ነበር፤ ቀኑ አልሞላልኝም። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፣ ሕክምና ጀምሬአለሁ። ያቺ እሑድ ያናገረችኝ እህት አሁን ዓርብ ዓርብ ታድርልናለች። እንዴት እንደማገላብጠው ላሳያት ስጠራት ምንም ሳትል ጫማዋን አውልቃ ገባች። የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ ለስድስት ሰዓት ተኛሁ።

መንገደኛው፣ ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ እስር ቤት የዘመሩትን እኔም ሄጄ አነበብኩት። ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ መንፈቀ ሌሊት ላይ። ምድር ከመናወጡ በፊት ነው የዘመሩት፤ በሩ እንደሚከፈት የነገራቸው አልነበረም። ያ የደስታ ደብዳቤ የተላከውም ለዚያችው ከተማ ሰዎች ነው። ያንን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ከአንባቢዎቹ መካከል ሳይኖር አይቀርም።

እንግዲህ ማክሰኞ ሌሊት ነው። ላገላብጠው ተነሣሁ። ነቅቶ ነበር። መዝሙር ብዙ ቀን ሞክረን አልመጣለትም፤ አንዳንዴ ዜማው ብቻ ይወጣል፣ ያለ ቃል። የዚያን ሌሊት እኔም ደክሞኝ መዘመሩ አቅቶኝ «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። በሰማያት የምትኖር ስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ስምህ ይቀደስ ስል ድምፅ ሰማሁ። ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ብቻውን ቀጠለ። ቀስ ብሎ፣ እየተንተባተበ፣ ግን ቃል ነው። መንግሥትህ ትምጣ አለ። ፈቃድህ አለ። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አልመጣለትም።

በ15 ወር የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ነው። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ ያየኛል፣ ሁለታችንም እንስቃለን። ልጆቹ ምን ሆናችሁ ብለው ተነሡ።

በማግሥቱ አልቻለም። ከዚያ በኋላም ሁለት ቀን አልቻለም። ቅዳሜ ማታ እንደገና አለው፤ እዚያው «ዛሬ ስጠን» ላይ ቆመ። የቀረውን እኔ እጨርስለታለሁ።